አንድ ፊርማ እይልኝ

ይድረስ ለዓይናማው ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መጥፋቴን አውቃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ጊዜው በረዘመ ቁጥር መደወሉ እየከበደኝ ሄደ። ወቀሳውን በስልክ ታወርድብኛለህ፣ እችለዋለሁ። አሁን ግን የጻፍኩልህ አንድ ነገር ልለምንህ ነው። ከአንተ ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።

በአፖሎ 11 ወደ ጨረቃ የሄደውን የጠፈርተኛውን የማይክል ኮሊንስን መጽሐፍ አገኘሁ። ፊርማ ያለበት!

እዚህ ሜሪላንድ ሰፈራችን ያለው ቤተ መጻሕፍት አልፎ አልፎ ሰው የለገሰውን አሮጌ መጽሐፍ አውጥቶ ይሸጣል። አንዱ ሁለት ዶላር ነው። ከምግብ አሠራር መጻሕፍት ሥር «ካሪይንግ ዘ ፋየር» ተኝቷል። መሸፈኛው ጠርዙ ላይ ተቀድዷል፣ ገጾቹ ቢጫ ሆነዋል። የታተመበትን ዓመት አየሁ፦ እ.ኤ.አ. 1974፣ የመጀመሪያው እትም። ቀጥሎ የርዕሱን ገጽ ገለጥኩ። በሰማያዊ ቀለም ለአንዲት ሴት የተጻፈ አጭር መልካም ምኞት አለ። ከሥሩ ፊርማው። እጄ ተንቀጠቀጠ። ከፍዬ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። መጀመሪያ የመጣልኝ ሰው አንተ ነህ።

አንተ ጋጋሪን ጋጋሪን ስትል፣ እኔ ኮሊንስ ኮሊንስ ስል ባንኩ ውስጥ ስንት ምሳ ሰዓት አለቀ? ከኩራዝ መጻሕፍት መደብር በርካሽ የገዛናቸውን የሶቪየት መጻሕፍት ከቼክ ደብተሩ ሥር ደብቀህ ስታነብ አለቃችን የደረሰብህ ቀንስ? አሁንም አልተሸነፍኩልህም። የአንተ ሰው ከሰው ሁሉ ቀድሞ ጠፈር ወጣ፣ በ108 ደቂቃ ምድርን ዞሮ ጀግና ሆነ፣ ይገባዋል። የእኔው ግን ሁለቱ ጓደኞቹ አርምስትሮንግና ኦልድሪን ጨረቃ ላይ ሲራመዱ ብቻውን ላይ ቀርቶ ዞረ። በየዙሩ ከጨረቃ ጀርባ ሲገባ ለ48 ደቂቃ ያህል ከማንም ጋር አይገናኝም። ሬዲዮ የለ፣ ምድርም አትታይ። ሰው ሁሉ እሱን ረስቶ ስለ ሁለቱ ሲያወራ እሱ አልተከፋም። መጽሐፉንም ሌላ ሰው አልጻፈለትም፣ ራሱ ቁጭ ብሎ ነው የጻፈው። አንድ ገጽ ስታነብ ይገባሃል። ለእኔ ከጠፈርተኞች መጻሕፍት ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው፣ በዚህ አልደራደርም።

«ጨረቃ ምን አገባችሁ?» ይሉን የነበሩትን ታስታውሳለህ? አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ትቶት በመጣው ትንሽ ዲስክ ላይ የ73 አገሮች የመልካም ምኞት መልእክት ተቀርጿል። የእኛም አገር አለችበት። በወቅቱ ባውቅ ኖሮ አፋቸውን አስይዛቸው ነበር።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለጠፈርተኞቹ የሚጎርፈው ደብዳቤ ከአቅም በላይ ነበር። ናሳ አውቶፔን የሚባል ማሽን ገዝቶ በስማቸው ያስፈርም ጀመር። ማሽኑ እውነተኛ እስክሪብቶ ይይዛል፣ በእውነተኛ ቀለም ይጽፋል። ከሩቅ ሲያዩት የሰው እጅ ነው። ቀረብ ስትል ግን መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት አለው። የእጅ ጫና የለም፣ መፍጠንና መዘግየት የለም። መነሻውና መድረሻው ላይ ብዙ ጊዜ ነጥብ ይቀራል።

ይሄን ሳነብ የባንኩ መስኮት ላይ ያለህ ሆነህ ታየኸኝ። እኛ ጋ ቼኩ ላይ ያለው ፊርማ ከናሙናው ካርድ ጋር ካልተመሳሰለ ይመለሳል። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። ሁለት ፊርማ አንዱ በሌላው ላይ ሲነባበር ልክክ ብሎ ከገጠመ የማሽን ነው። ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምማ! አንተ ራስህ «ባለቤቱ ለፊርማው አይጨነቅም፣ የሚጨነቀው ሌባው ነው» ትል ነበር። ስንቱን ፎርጅድ ቼክ በዚች አነጋገር ያዝክ።

የእኔው በማሽን የተፈረመ አይመስለኝም። ማሽን ለአንዲት ሴት በስሟ መልካም ምኞት አይጽፍማ። ደግሞ ኮሊንስ የዋሽንግተኑ የአየርና የጠፈር ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1976 ሲከፈት ዳይሬክተሩ ነበር። እዚህ አካባቢ የፈረመው መጽሐፍ ቢገኝ አያስገርምም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ምኞቱ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው፣ ፊርማው ቀጥ ይላል። ቀለሙም አንዳንዴ አንድ ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ሁለት። ምኞቱን ሌላ ሰው ጽፎት ይሆን? ወይስ ሰው ስሙን ሲፈርም እጁ ይለወጣል? ይሄን የምታውቀው አንተ ነህ።

በጠፈርተኞች ስም የሚነግደው ብዙ ነው። አርምስትሮንግ ፊርማው እየተቸበቸበና እየተጭበረበረ ሲያስቸግረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መፈረም አቆመ። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ፀጉር አስተካካዩ የቆረጠለትን ፀጉር ለሰብሳቢ በ3,000 ዶላር ሸጦበታል። ፀጉሩን! ሳነበው አዘንኩለት።

ለአንተ ምን እደብቃለሁ። ልሸጠው አስቤ ነበር። ትልቁ ልጄ ኮሌጅ ገብቷል፣ ክፍያው ቀላል አይደለም። ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2021 አርፏል፣ ከእንግዲህ አይፈርምም። እውነተኛ ከሆነ ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ከዚያ የፖስታዎቹ ታሪክ ትዝ አለኝ። ሦስቱ የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ወደ ጨረቃ ከመነሳታቸው በፊት ቁጭ ብለው ፖስታ ላይ ፈርመው ነበር። ካልተመለሱ ቤተሰቦቻቸው እሱን ሸጠው እንዲተዳደሩ ነው። ያ ፊርማ ለልጅ የተተወ እንጀራ ነበር። እና እኔም ለልጄ ብሸጠው ነውር የለውም አልኩ። በማግስቱ ደግሞ መጽሐፉን ከመደርደሪያው ላይ ሳየው አልቻልኩም። እዚያው ላይ ነኝ። መሸጥ አለመሸጡን እኔ እወስናለሁ። አንተ ግን የእሱ እጅ መሆኑን ንገረኝ። ገንዘብ ተከፍሎት የምስክር ወረቀት ከሚሰጠኝ ሰው ይልቅ አንተን አምናለሁ።

አንድ ነገር አለ... እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ዓይንህን መታመምህን ሰምቼ ነበር። የዓይን ሞራ ነው፣ ቀዶ ጥገናም ሊደረግለት ነው ሲሉኝ ያን ዕለት መደወል ነበረብኝ። ከሕክምናው በኋላ በደንብ ማየት ጀመረ አሉኝ፣ ደስ አለኝ። እውነት ነው? የሚያደክምህ ከሆነ ተወው፣ በእኔ ሞት እንዳትቸገር። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ለልጅህ ልኬያለሁ። ፊርማውን በቅርብ አንስቼዋለሁ፣ ለማመሳከሪያ እሱ የፈረማቸው መሆናቸው የታወቁ ሌሎች ፊርማዎችም አሉበት። ስልኩ ላይ አትመልከተው፣ ትልቅ አድርጋ በወረቀት ታትምልህ። በቀን ብርሃን እየው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። መጀመሪያ ስለ ዓይንህ ትነግረኛለህ፣ ከዚያ ስለ ፊርማው። ፎርጅድ ነው ካልክም ሳታለሳልስ ንገረኝ።

ወንድምህ