አህያዋን ሳታዩ አትፍረዱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው የጥበብ ዓምዳችሁ ላይ የቻይናን የቀለም ሥዕል ከዘመናዊው አሣሣል ጋር የሚያዋህዱ ሰዓሊዎችን ጸሐፊው «ከሁለት ያጣ ጎመን» ብለው አጣጥለዋቸዋል። እኔ ደሴ ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ እየሣልኩ የምኖር ሰው ነኝ። ብሩሽ ይዤ ስለምውል ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ቻይናዊው ሰዓሊ ሊን ፌንግሚያን ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 በቻይናዋ ሃንግዡ ከተማ የተከፈተውን የሥነ ጥበብ አካዳሚ የመራ ሰው ነው። የጥንቱን ረጅም ጥቅልል ትቶ ጎኖቹ እኩል በሆነ ወረቀት ላይ ወፍ ይሥል ነበር። ብሩሹና ቀለሙ ግን ያው የአባቶቹ ናቸው። ታዲያ የትኛውን ነው ያጣው? በፈረስ ሥዕሎቹ የታወቀው ሹ ቤይሆንግም ፓሪስ ተምሯል። የፈረሶቹ ጡንቻ ያንን ያሳብቃል፣ ጋማቸው ደግሞ የቻይና ብሩሽ ነው።

ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው አህያ በመሣል ስሙ የተጠራው ሁዋንግ ዡ ነው። አህያ ስል ጸሐፊው ይስቁ ይሆናል፤ ይሳቁ። ሰኞ ገበያ እንጨት ተጭና የምትመጣዋን አህያ ልብ ብላችሁ እዩአት። ሸክሙ ሲከብዳት ጆሮዋ ወደ ኋላ ይተኛል፣ አንገቷ ከጀርባዋ ዝቅ ይላል። ሁዋንግ ዡ ሆዷን በረጠበ ብሩሽ ጎን አንዴ ጫን ብሎ ያልፈው ነበር። ወረቀቱ ቀለሙን ሲጠጣ ጠርዙ ይፈሳል፣ ፀጉር ይሆናል። ጆሮዋን በወፍራም ጥቁር፣ እግሯን በደረቅ ብሩሽ። ላጲስ የለ፣ መደለዝ የለ፤ እጅ አንዴ ካረፈ አለቀ። በድሮው ወግ ተማሪ የሊቃውንቱን ሥራ እየገለበጠ ነበር የሚያድገው። እሱ ግን ወጥቶ እንስሳዋን እያየ ይነድፍ ነበር። አዲስነቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የኛም የብራና ጸሐፊዎች እንደነሱ በጥላሸት ቀለም ሠርተዋል። ብራና ግን እንደነሱ ወረቀት አይጠጣም፤ መስመሩ ጥርት ብሎ ይቆማል። ሁለቱን አዋህዶ የወሎን አህያ የሚሞክር ወጣት ቢገኝ ደስ ይለኛል። አሁን የማየው ከስልክ ላይ አንበሳ እየገለበጡ ለካፌ መሸጥ ነው። አንበሳ እዚህ ጦሳ ተራራችን ላይ ማን አይቶ ያውቃል?

አንድ ቅሬታም አለኝ። ያ ሁሉ ወቀሳ ሲወርድ ገጹ ላይ አንዲት ሥዕል እንኳ አልታተመችም። የነበረው የጸሐፊው ፎቶ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ፎቷቸውን አሳንሳችሁ የሊንን ወፍና የሁዋንግን አህያ ጎን ለጎን አውጡልን። አንባቢው አይቶ ይፍረድ።

የሱቅ ማስታወቂያ ሰዓሊ፣ ከደሴ ፒያሳ