ሼፍዬ፣ ስለ ጀልባዋ ሳልመልስልህ ለቀረሁት

ሼፍዬ ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ባለቤትህ፣ ልጅህ፣ ሁሉም ሰላም? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፣ ድሬም አለች፣ ጥር ስለሆነ ማታ ማታ ያ የምትወደው አየር አለ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር ሰው ወንበር አውጥቶ ያመሻል። ዛሬ ቮይስ አልላክልህም፣ ቮይስ ላይ ሳወራ ዋናውን ነገር እረሳዋለሁ፣ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ ብዬ ነው፣ ቢረዝምም ታገሰኝ።

መጀመሪያ ይቅርታ። ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ያንን 11 ደቂቃ የፈጀ ቮይስ ስትልክልኝ ሱቅ ነበርኩ፣ ሰው እየመጣ እየሄደ በግማሽ ልቤ ነው የሰማሁት፣ አንተ ድምፅህ እየተቆራረጠ "ጀልባዋን ዘጓት" ትላለህ፣ የምን ጀልባ ብዬ ደነገጥኩ፣ ከዛ ኦርላንዶ ዲዝኒ ውስጥ ልጅህን የምትወስድበት መጫወቻ ቦታ ያለችው ጀልባ መሆኗ ሲገባኝ፣ እውነቱን ልንገርህ ቅር አለኝ። እዚህ ሰው በስንት ነገር ሲያለቅስ እሱ ለመጫወቻ ያለቅሳል እንዴ ብዬ አሰብኩ። ማታ እመልስለታለሁ አልኩ፣ ማታው ነገ ሆነ፣ ነገው ሳምንት ሆነ፣ ከዛ ደግሞ መዘግየቱ ራሱ አሳፈረኝና ጭራሽ ዝም አልኩህ። ለእንቁጣጣሽ የላክኸውን አበባ እንኳን አይቼ አለፍኩት። ሰባት ወር ሙሉ። እኔና አንተ እኮ ሰባት ቀን ሳንገናኝ ቀርተን አናውቅም ነበር።

ምን እንደቀየረኝ ልንገርህ። ለገና ባዛር ልጄን ወሰድኳት፣ ስምንት ዓመቷ ነው አሁን፣ ጄኔሬተር የሚያንጫጫው ሽክርክሪት መጥቶ ነበር፣ የፕላስቲክ ፈረስ ላይ ወጥታ ሶስቴ ዞረች አራተኛውን ለምና አስደገመችኝ፣ ስትወርድ ፊቷ በላብ ርሶ "አባዬ እናንተ ልጅ ሆናችሁ ምን ላይ ነበር የምትወጡት?" አለችኝ። እኔ ቶሎ ብዬ "ባቡር ላይ" አልኳት። "የቱ ባቡር?" አለችኝ። አየህ፣ ድሬ ተወልዳ ድሬ ያደገች ልጅ "የቱ ባቡር" ብላ ጠየቀችኝ። የምታውቀው አዲሱን ነው፣ እሱም ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሚቆም መንገደኛ ካልሸኘች አታየውም። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ይዣት ለገሃሬ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ጥበቃውን ለመንኩት፣ መጀመሪያ አይሆንም አለ፣ ከዛ የማን ልጅ ነህ ሲለኝ ያንተን አባት ስም ጠራሁለት። አቦ ሼፍዬ፣ ያንተን አባት እንጂ የኔን አላልኩም፣ ምክንያቱም እዛ ግቢ ውስጥ የሚታወቁት እሳቸው ናቸው። ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። "የሞተር ሐኪሙ?" አለኝ። ከዛ በሩን ከፈተልን።

ውስጥ ሳሩ ሃዲዱን ውጦታል። ፉርጎዎቹ እንደቆሙ ናቸው፣ ቀለማቸው ተላልጦ ዝገቱ ወጥቷል፣ አንዱ ላይ ወፍ ጎጆ ሰርታለች። ያ ሁልጊዜ የምንቀመጥበት ዓይነት የእንጨት አግዳሚ ያለው ሶስተኛ ማዕረግ ውስጥ ወጣን፣ ልጄን አንስቼ አስቀመጥኳት፣ እንጨቱ በሰው ልብስ ብዛት ከመለስለሱ የተነሳ እስካሁን ያብረቀርቃል፣ አቧራውን በእጄ ስጠርገው ያው ቡናማ ቀለም ወጣ። አፍንጫዬ ላይ ያ የጋለ ብረትና የናፍጣ ሽታ መጣ፣ ከስንት ዓመት በኋላ እንዴት እንደሚቀር አላውቅም ግን አለ። እዛ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ሼፍዬ። ልጄ ደንግጣ "አባዬ ምን ሆንክ" ትለኛለች፣ እኔ የማስበው ያንተን ቮይስ ነው።

ኤረር የሄድንበትን ቀን ታስታውሳለህ? አባትህ የቤተሰብ ትኬት ነበራቸው፣ እኔን "ሁለተኛው ልጄ ነው" ብለው አሳፈሩኝ፣ ኮንትሮለሩም እያወቀ ዝም አላቸው። ገና ከጣቢያው ስንወጣ ያ ረጅም ጡሩምባ ሲነፋ፣ ከተማው ሁሉ እኛን የሚሸኝ ነበር የሚመስለኝ፣ ሴቶቹ ዘንቢላቸውን ታቅፈው፣ ሰውዬው ዶሮ ይዞ፣ አንተ መስኮቱ ላይ እስከ ወገብህ ወጥተህ "ሁርሶ! ቀጣይ ሁርሶ!" እያልክ ስትጮህ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ነው ሼፍ ደ ጋር፣ በፈረንሳይኛ የጣቢያ ሹም፣ የተባልከው፣ ስምህ ሼፍ ሆኖ የቀረው። ሁርሶን አለፍን፣ ሜዳው ላይ ግመል ነበር፣ ባቡሩ ደግሞ ከግመሉ ብዙም አይፈጥንም ነበር እኮ፣ ኤረር ስንደርስ ብርቱካን በቅርጫት ተሸክመው እየሮጡ መስኮት ላይ ይሸጡልን ነበር፣ አባትህ አንድ ቅርጫት ሙሉ ገዙ፣ እኔ ስንቱን እንደበላሁ አላውቅም፣ እስከ ድሬ ስንመለስ ጣቶቼ ይጣበቁ ነበር። ፍልውሃው ውስጥ እግራችንን ስንነክር አባትህ ሰዓታቸውን እያዩ "ባቡር ሰው አይጠብቅም" ይሉን ነበር፣ እኛ ደግሞ ቢጥለን እንዴት ደስ ባለን። እኔ በሕይወቴ ከዛ ቀን በላይ የሄድኩበት አገር የለም።

ልጄ ፉርጎው ውስጥ ሆና ባቡሩ ለምን እዚህ መጣ አለችኝ። ነገርኳት። ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፣ ግን ተራራውን ማስወጣት ከባድና ውድ ስለሆነ ከስሩ ሜዳው ላይ ቀረ፣ በ1895 እዚህ ደረሰ፣ ከተማዋም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የምትባለው፣ ከዛ ነው አዋሽን ተሻግሮ አዲስ አበባ የገባው። "ስለዚህ ድሬ ጣቢያ ነበረች ማለት ነው?" አለችኝ። እንደሱ አስቤው አላውቅም ነበር ግን ልክ ናት። መጋላው፣ ከዚራው፣ ፈረንሳይኛው፣ አትልዬው ማለትም የባቡር ጥገናው፣ አባትህ "ፍሬን" ሲሉ የሚጠቀልሏት ር ሳትቀር፣ ሁሉም የመጣው በዛች አንድ ሜትር በምትሰፋ ሃዲድ ላይ ነው። መንገደኛ ማመላለስ ካቆመ በኋላ ሰው ስለ ስራ አጥነቱ፣ ስለ ንግዱ ያወራል፣ ትክክል ነው፣ ብዙ ቤት ተጎድቷል። ስለኛ ደስታ ግን ማንም አላወራም፣ እኔም ራሴ።

አዲሱን ባቡር አልጠላውም፣ እንዳትሳሳት። በ2009 የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ጥሩ ነው፣ ንጹህ ነው፣ ሰውም ዕቃም ያመላልሳል፣ ይበርታ። ግን እሱ በአጥር ተከልሎ ነው የሚያልፈው፣ አሮጌው ደግሞ በቤታችን ጓሮ ያልፍ ነበር፣ ሌሊት ሲመጣ የቡና ሲኒው መደርደሪያ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እናቴ ከእንቅልፏ ሳትነቃ "የጅቡቲው ገባ" ትል ነበር።

ቆርኪዋን ታስታውሳለህ? እኔ አገኘኋት። ከጣቢያው ስንመለስ እናቴ ቤት ሄጄ የቁልፍ ማስቀመጫ ጣሳዋን ገለበጥኩት፣ ከስር ነበረች። ሃዲዱ ላይ ጆሮህን ትለጥፍና መምጣቱን ትነግረኛለህ፣ እኔ የቢራ ቆርኪውን በምራቅ አርሼ ሃዲዱ ላይ አስቀምጥና ሮጠን ቁጥቋጦው ስር እንገባለን፣ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ስንሮጥ ያ ቆርኪ ሳንቲም ሆኖ ሳስቶ ገና ይሞቅ ነበር፣ እጅ ላይ አይያዝም። አባትህ ደርሰውብን ሁለታችንንም ጆሯችንን ጎትተው "ባቡር አይቆምላችሁም" ብለው ተቆጡን፣ ማታ ደግሞ ራሳቸው በሚስማር ሁለት ሁለት ቀዳዳ በሱልን፣ ክር አስገቡበት፣ ስንስበው ዥዥዥ እያለ ይሽከረከር ነበር። የኔዋ ዳር ዳሯ እስካሁን ስለት ነው፣ ቀለሙ አልቆ ትንሽ ቢጫ ብቻ ቀርቶበታል፣ ቀዳዳዎቹ መሃል ላይ አይደሉም አንዱ ወደ ቀኝ ሸሸት ብሏል፣ አባትህ መነጽር ሳይኖራቸው ስለበሱት። አዲስ ክር አስገብቼ ለልጄ ሰጠኋት። ከባዛሩ ፈረስ ይልቅ ይቺን ወደደቻት፣ እምልልሃለሁ።

ስንቱ ነገር ተዘግቶብናል ግን ሼፍዬ። ጋሪው፣ ያ ፈረሱ አንገት ላይ ቃጭል ያለው፣ ደቻቱ ወንዝን ተሻግሮ ከከዚራ መጋላ የሚያደርሰን፣ ባጃጁ ሲበዛ ቀረ። ፔጆ 404 ላይ ከኋላ አምስት ሆነን ተጣብቀን የደንገጎን ዳገት ስንወጣ በየመታጠፊያው አንዱ ሌላው ላይ ሲወድቅ የምንስቀው ሳቅ፣ ከዛ ሜዳው ላይ ወጥተን ሀሮማያ ሐይቁን ስናይ ቀድሞ ላየ ሙሸበክ፣ ያ ጣፋጩ፣ ይገዛለታል የምንባባለው። ሐይቁ ደረቀ አልኩህ አይደል ያኔ፣ ከብት ሲግጥበት በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ግን ውሃ ይዟል፣ ለሐረር ለቅሶ ስሄድ አይቼው ሹፌሩን አስቁሜ ወርጄ አየሁት። ይሄን ሳልነግርህ መቅረቴም ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ጀልባህ ልምጣ። ቮይስህን ደግሜ ሰማሁት፣ ከጣቢያው በመጣሁ ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ሁለቴ። ከዛ ራሴም ገብቼ አነበብኩ። ሊበርቲ ቤል ናት አይደል፣ በፈረንጅ በ1973 ስራ የጀመረች፣ ሰኔ 29 እሑድ ለመጨረሻ ጊዜ ዞራ የተዘጋች፣ ወንዙም ደሴቲቱም አብረው፣ በቦታው የመኪና መጫወቻ ሊሰራበት። የመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ያመለጠኝ ግን ይሄ ነው፤ ጀልባዋ መሪ የላትም አልክ፣ ከውሃው ስር በሃዲድ ላይ ነው የምትሄደው አልክ፣ እንፋሎቱም የውሸት አይደለም የእውነት ቦይለር ነው አልክ። "ታችኛው ፎቅ ላይ ሞተሩ አጠገብ ቆሜ አባዬ ጋ ነኝ ያለሁት" አልክ። ሼፍዬ ይሄን እኔ እንዴት አልፌው ሄድኩ? አንተ ለመጫወቻ አይደለም ያለቀስከው። ኦርላንዶ ድረስ ሄደህ ውሃ ውስጥ የተደበቀ ሃዲድ አግኝተህ፣ ልጅህን በዓመት ስንት ጊዜ አያቱ ጋ ትወስደው የነበረው በእሷ ነው፣ እሱንም ዘጉብህ። እኔ እንኳን ቢያንስ ሄጄ የምነካው ፉርጎ አለኝ። አንተ ደግሞ የሚነካ ነገር አልቀረልህም።

ከዛ እዛው ዲዝኒ ድሮ ስለነበሩት ስለ ሰርጓጅ ጀልባዎቹም የተናገርከው ትዝ አለኝ፣ እነሱም በሃዲድ ይሄዱ ነበር ያልከኝ፣ በፈረንጅ በ1994 የተዘጉት። አንተ አገሩ ከመግባትህ በፊት ስለተዘጋ ነገር እንዲህ ማወቅህ ራሱ የአባትህ ልጅ መሆንህ ነው። እሳቸው እኮ እሳቸው ሳይወለዱ ስለቆመ ሎኮሞቲቭ ሞተሩን ፈተው እንደገጠሙት ነበር የሚያወሩት።

ስለዚ ይቅር በለኝ። በዛ እሑድ ስልኩን አንስቼ "አይዞህ" ብልህ ኖሮ ይበቃ ነበር፣ አምስት ፊደል እንኳን አይሞላም።

አሁን የምጠይቅህ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ ያንተ ቆርኪ አለች? ስትሄድ ኪስህ ውስጥ እንደነበረች አውቃለሁ፣ ኤርፖርት ላይ አሳይተኸኛል፣ ካለች ፎቶዋን ላክልኝ፣ ልጄ ከኔዋ ጋር ታስተያያለች፣ ሌላ እንስራ ብላ ስትለምነኝ ሰንብታለች፣ ባቡር ካልመጣ አይሰራም ስላት አልገባትም። ሁለተኛ፣ በክረምቱ ልጅህ ትምህርት ሲዘጋ አምጣው። ፉርጎዎቹ ዕድሜ ይስጣቸውና እስከዛ አሉ። እዛ እንጨት አግዳሚ ላይ አንተና እኔ አንድ ወገን፣ ልጆቹ በሌላኛው ወገን መስኮቱ ጋ እንቀመጣለን፣ ብርቱካኑን እኔ እገዛለሁ፣ አንተ ጣቢያዎቹን ትጠራለህ፣ ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ እስከቻልክበት።

ጥበቃው ስልኩን ሰጥቶኛል፣ የሐኪሙ ልጅ ሲመጣ ደውልልኝ ብሎኛል። ቀኑን ብቻ ንገረኝ።

ወንድምህ፣ ከድሬ