ሦስቱን መጽሐፍ አንድ ላይ አትግዢ

የኔ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትናንት በስልክ ያወራሽኝን ሳስብ አደርኩ። ከዶርም ጓደኞችሽ ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ልትጀምሩ ነው፤ ያ አንዱ ታሪክ እየተረከ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ገጸ ባህሪ ሆነው የሚጫወቱት ጨዋታችን። ሦስቱንም ወፍራም መጻሕፍት፣ የተጫዋቾቹን፣ የተራኪውንና የጭራቆቹን፣ በአንዴ ልትገዢ ነው። እያንዳንዱ ወደ 50 ዶላር ነው፤ ሦስቱ 150 መሆኑ ነው። ገንዘቡን እልክልሻለሁ፣ በሱ አታስቢ። ግን ለዚህ ጨዋታ ያወጣነውን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። በየቱ እንዳተረፍን፣ በየቱ እንደከሰርን ልንገርሽና ከዚያ ራስሽ ወስኚ።

የኔ ሂሳብ ቀላል ነው። የገዛነው ነገር ስንት ጊዜ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠን? ሌላውን አልቆጥርም።

በ2018 የገዛናት የጀማሪዎች ሳጥን ትዝ ትልሻለች? 20 ዶላር ነበረች። አንቺ 12 ዓመትሽ ነበር። 32 ገጽ የሕግ ደብተር፣ 64 ገጽ ታሪክ፣ ተሞልተው ያለቁ አምስት የገጸ ባህሪ ወረቀቶች፣ እየጣልን ቁጥር የምናወጣበት ስድስት ዳይስ። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ መጀመሪያ ሳያት ባዶ ካርቶን መስላኝ ቅር ብሎኝ ነበር።

የመጀመሪያውን እሁድ መቼም አልረሳውም። በታሪኩ ውስጥ ጋሪ ጭነን እየሄድን ነው። መንገዱ ላይ ሁለት ፈረሶች ሞተው ተጋድመዋል። አንቺ ይህን አነበብሽና ዝም አልሽ። ቀና ብለሽ አየሽን። «ምን ታደርጋላችሁ?» አልሽ። እኔ ልጅ ሆኜ አያቴ ተረት ስታወራልኝ፣ «ከዛስ?» እያልኩ የምጠይቃት እኔ ነበርኩ። እዚህ ግን ተራኪዋ ናት እኛን «ከዛስ?» የምትለን። ያን ጊዜ ነው ጨዋታው የገባኝ። ወንድምሽ ጎብሊን የሚባሉትን ትንንሽ ጭራቆች ሳያይ ጫካው ውስጥ ሮጦ ገባ፤ እኔ ደግሞ ድዋርፍ የሚሉት ድንክ ሆኜ ቁስሉን ስፈውስ አመሸሁ። ሥራ ቦታ ውዬ የምመጣውም በሽተኛ ሳስታምም ነው፣ ግን አልደከመኝም።

ያቺ ሳጥን እስከ ፋሲካ ቆየችልን። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ 14 ጊዜ ተቀምጠናል። ካላንደሩ ላይ ምልክት አደርግ ስለነበር ቁጥሩን አልሳሳትም። ለአንዱ ቀን አንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም እንኳ አይደርስም፤ ያውም ለአምስት ሰው። በዚያ ብር አምስታችንን ሲኒማ የሚያስገባን የለም።

ሳጥኗ የካሰችን ግን ርካሽ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ስለመጣ ነው። ጎረቤት ያለው ልጅ መጣ፣ አንድ ወረቀት ሰጠሽው፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እየተጫወተ ነበር። በትልቁ መጽሐፍ ብትጀምሪ ኖሮ ያ ልጅ የመጀመሪያውን ቀን ገጸ ባህሪ ሲሞላ ነበር የሚያመሸው። ሁለተኛ ቀን ይመጣ ነበር ብዬ አላስብም። አዲሶቹ ጓደኞችሽም እንደዚያው ናቸው። ማን እንደሚዘልቅ ገና አታውቂም።

ከትልልቆቹ መጻሕፍት ያተረፍነው በአንዱ ነው፣ በተጫዋቾቹ መጽሐፍ። ጀርባው እስኪላቀቅ አገላብጠነዋል። እኔ ራሴ አውቶቡስ ላይ ይዤው እሄድ ነበር፤ ስንትና ስንት የእንግሊዝኛ ቃል የለቀምኩት ከሱ ነው። ለጠረጴዛው አንድ ይበቃል፣ እየተቀባበላችሁ ታነባላችሁ። የጭራቆቹን መጽሐፍ ከላይብረሪ ተዋሺው። የተራኪው መጽሐፍ ይቆይ። ደግሞ መሠረታዊው ሕግ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ። ከ2023 ወዲህ አሳታሚዎቹ ዋናውን የሕግ ሰነድ ማንም እንዲጠቀምበት ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ነፃ ፈቃድ ለቀውታል። የሚያስፈልግሽን ገጽ ብቻ አትመሽ ጠረጴዛው ላይ አድርጊ።

ይህ ጨዋታ ሲወለድም ቢሆን ትንሽ ነገር ነበር። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን በ1974 ያወጡት ሦስት ስስ ደብተር በአንድ ሳጥን አድርገው ነው። መጀመሪያ የታተመው አንድ ሺህ ሳጥን ብቻ ነው፤ ዋጋው 10 ዶላር። እኛ አገር አብዮቱ የፈነዳበት፣ እኔም የተወለድኩበት ዓመት ነው። እኩያዬ ነው ማለት ነው፤ ይህን ሳውቅ ደስ ብሎኛል።

የከሰርንበትን ደግሞ ስሚ። በልደትሽ የገዛሁልሽ ያ ትልቅ የጀብዱ መጽሐፍ 50 ዶላር ነበር፤ ሁለት ቀን ተጫወታችሁበት፣ ከዚያ ትምህርት ተጀመረና ሁሉም ተበተነ። መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ቀድመን ገዛነው። ቡድኑ ሲጸና ነበር መግዛት የነበረብን። ውስጡ ምን እንዳለ ሳታዪ የምትገዢው የፊገር፣ ማለትም ጠረጴዛው ላይ የሚቆሙት የትንንሽ ምስሎች፣ ካርቶን ግን ይቅርብሽ። ስንቱን ገዝተን የምንፈልገው አልወጣም። ጎብሊኖቹ ሽምብራ ሲሆኑ ምን ጎደለብን? አረንጓዴው ድራገን የቡና ስኒ ነበር፣ ያም ሆኖ ወንድምሽ ፈርቶ አልቅሷል።

ካሬ የተሰመረበት ፕላስቲክ ግን 25 ዶላር ወጥቶበት እስከ ዛሬ አለ። አንዱ ካሬ አንድ ኢንች ነው፣ በጨዋታው አምስት ጫማ ተብሎ ይቆጠራል። ዋሻ ትስይበታለሽ፣ ትጠርጊዋለሽ፣ መንደር ትስያለሽ። አደራ፣ በእርጥብ ጨርቅ የሚጠፋውን ማርከር ብቻ ተጠቀሚ። የነጭ ሰሌዳው ማርከር ይሰርግና አይለቅም። ቀዩን ደግሞ ሳትጠርጊ አታሳድሪ። ዳር ላይ ያለው ቀይ እድፍ እኔ በሎሚም በሳሙናም ታግዬ ያቃተኝ ነው።

ዳይሱን ሁሉም የየራሱን ይግዛ። ሰባቱ አንድ ላይ ከ10 ዶላር በታች ይገኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው ይባል የለ? ሁሉን አንቺ ከገዛሽ አንቺ ስትደክሚ ጨዋታውም ይቆማል። የራሱ ዳይስ ያለው ሰው ግን ማክሰኞ ላይ «ቅዳሜ አለን ወይ?» ብሎ ይደውልልሻል።

ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ሳጥኗንና ፕላስቲኩን ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ሽሮውን በሁለት ፌስታል ነው ያሰርኩት፣ ወረቀቶቹን አይነካም። የድዋርፉ ወረቀት ላይ የኔ ጽሕፈት አለ፣ አታጥፊው። ባለ ስምንት ጎኑ ዳይስ ጠፍቷል፣ ሶፋውን ገልብጬም አላገኘሁትም። እሱን ከዚያ ግዢ።

ቅዳሜ ማታ ሥራ የለኝም። ሲያልቅ ደውይልኝና ስንት ሰው እንደመጣ ንገሪኝ።

እናትሽ
ከሲልቨር ስፕሪንግ