ፍቼ ጫምባላላ ለቱሪዝም ትምህርት

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የሐዋሳ ትምህርት ቤቶች የጉዞ ዕቅድን ሲያስተምሩ ከፍቼ ጫምባላላ እንዲጀምሩ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀኑን የሚወስኑት ግን ከዋክብትን የሚያነቡ አዋቂዎች ስለሆኑ በየዓመቱ ይለያያል። ታዲያ ከውጭ አገር የሚመጣ እንግዳ ትኬትና አልጋ መቼ ይያዝ? ቀኑ እንደታወቀ ለሆቴሎችና ለአስጎብኚዎች ማን ይንገር? ቀብድ የከፈለ ሰው ጉዞውን ቢያዛውር ገንዘቡ ምን ይሆናል? ተማሪዎች እነዚህን ጥያቄዎች በቡድን ሆነው ይሥሩባቸው። እግረ መንገዳቸውን የአሞራ ገደልን፣ የታቦር ተራራንና የወንዶ ገነትን ፍል ውሃ በዕቅዱ ውስጥ ያስገባሉ። የከተማችን ሆቴሎችም የእንግዳ መቀበያቸውንና ወጥ ቤታቸውን ለተማሪዎች ጉብኝት ይክፈቱልን።

መምህር ነኝ፣ ከሐዋሳ