ያልመጣሁበት ክርስትና

ሰኒዬ፣

ከሦስት ዓመት በኋላ ነው የምጽፍልሽ። ቴሌግራም ላይ "እንዴት ነሽ?" ብዬ ጀምሬ ስንቴ እንዳጠፋሁት አትጠይቂኝ። ትልቁን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ።

የልጅሽ ክርስትና ዕለት እንቅልፍ ጥሎኝ አልቀረሁም። ቀሚሴን አሰፍቼ፣ ለክርስትና ልጄ ከፒያሳ ሀብል ገዝቼ፣ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነስቼ ለብሼ ነበር። የሁለት ወር ተኩል እርጉዝ ነበርኩ። ላንቺ ልነግርሽ ያሰብኩት ከክርስትናው በኋላ ነው። ጫማዬን ሳደርግ ደም መጣ። እየደማሁ ቤተ ክርስቲያን እንደማልገባ ታውቂያለሽ። አንቺ ሥላሴ ደጅ ቆመሽ ስትደውዪ፣ እኔ ሽንት ቤት ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስልኩን አየው ነበር። ከዚያ አጠፋሁት።

ፅንስ ሲወርድብኝ ሁለተኛዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ተጨመረ።

ስትወልጂ ገንፎ ይመጣልሻል። ሰው ሲሞትብሽ ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል። ለዚህ ግን ምንም የለም። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ "ጉንፋን ነው" አልኩ። የሐኪሙ ወረቀት ላይ "ውርጃ" ስለሚል፣ መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ሆን ብዬ ያደረግኩት መስሏት ገላመጠችኝ። ሁለቱን የሚለይ ቃል ቢጽፉበት ምን ነበረበት?

አማቴ "ሾተላይ ነው" አሉ። ጠበል ወሰዱኝ። አልፈርድባቸውም፤ በዚያ ብርድ አብረውኝ ቆመዋል። ሾተላይ ሐኪሞችም የሚሉት ነገር መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። የእናትየው ደም ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ ችግር ነው። እኔ ደግሞ ኦ ፖዘቲቭ ነኝ!

መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም "ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ" ብሎ በአምስት ደቂቃ ሸኘኝ። ጳውሎስ ያለው የመካንነት ሕክምና ጋ ልሂድ ብዬም ነበር። ግን እኔን ያቃተኝ ማርገዙ ሳይሆን ማቆየቱ ነው። በመጨረሻ ስታዲየም አካባቢ አንዲት የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት ዘንድ ደረስኩ። እያንዳንዱ በስንተኛው ሳምንት እንደወረደ፣ የልብ ምት ታይቶ እንደነበር ጠየቁኝ። እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "ሁለት ጊዜ ሲሆን መመርመር ነበረብሽ" አሉኝ። ታይሮይድ፣ ስኳር፣ የማህፀን ቅርጽ፣ ሁሉም ታየ። የጤፍ ኩንታል ስለገፋሁ ይሆን ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ፈገግ አሉ። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚወርደው ፅንሱ ገና ሲፈጠር በክሮሞዞም ስህተት ነው እንጂ በዕቃ ማንሳት አይደለም። ደጋግሞ ከሚወርድባቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ተመርምረውም ምክንያቱ አይገኝም፤ ብዙዎቹ ግን በኋላ ይወልዳሉ።

እኔ ጋ አንድ ነገር ተገኘ። አንቲፎስፎሊፒድ ይባላል። ሰውነት የሚሠራው፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ነገር ነው። ለጊዜው ብቻ የሚታይበት ጊዜ ስላለ ከ12 ሳምንት በኋላ ምርመራው ይደገማል። እውነት ከሆነ፣ ሳረግዝ ትንሽ አስፒሪን እና በየቀኑ ሆዴ ላይ ሄፓሪን የሚባል መርፌ። እኔ! ክትባት መጣ ሲባል የትምህርት ቤት አጥር የዘለልኩት!

ወረፋ ስንጠብቅ የተዋወቅን ሦስት ሴቶች አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ አምባሳደር ጋ ቡና እንጠጣለን፤ የእኔና ያንቺ የፒያሳው ቤት ፈርሷል። አንዷ አምስት ጊዜ ወርዶባታል። አንዳንዴ ስለ ቤት ኪራይ ብቻ አውርተን እንለያያለን። አንድ ሕግ ብቻ አለን፤ "ለበጎ ነው" ማለት ክልክል ነው።

12 ሳምንቱ አልቋል። ሰኞ ደም ሰጥቻለሁ፣ ውጤቱ የሚመጣው ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ባሌ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። ብቻዬን መግባት አልፈልግም። ተቀይመሽኝም ቢሆን ነይ፣ ሰኒዬ። ስታዲየም ታክሲ መውረጃው ጋ እጠብቅሻለሁ።

ሀብሏ መሳቢያዬ ውስጥ ናት። አሁን ሳታጥራት አትቀርም፤ ወርቅ ቤቱ ግን ያስረዝማታል።