ወደ ቺቼን ኢትሳ ለሚሄዱ ወገኖች ሊነገር የሚገባው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

በቅርቡ በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ካንኩን ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለዕረፍትም ሆነ ለጫጉላ ወደዚያ የባሕር ዳርቻ መሄድ ካዘወተርን ሰንብተናልና ጽሑፉ ወቅታዊ ነበር። ይሁን እንጂ ከሆቴል ማልዶ ተነሥቶ ጥንታዊቷን የማያ ከተማ ቺቼን ኢትሳን በአስጎብኚ አይቶ በዚያው ዕለት የመመለሱን ጉዳይ በጥቂት ቃላት ነካክቶ ከማለፉም በላይ፣ ማያዎችን «በምሥጢር የጠፉ ሕዝቦች» ብሎ መጥራቱ ከእውነት የራቀ ነው። በእኔ እምነት እነዚህ ሁለት ጉዳዮች አይነጣጠሉም፤ ብዙ መንገደኛ ከዚያ ጉብኝት ሳይጠግብና ሳያውቅ የሚመለሰው ሰዓቱ ስለሚሸራረፍበት፣ በቀረችው ሰዓትም ስለ ሕያው ሕዝብ እንደ ሙት ተረት ስለሚወራለት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቺቼን ኢትሳ የምትገኘው በሜክሲኮ የዩካታን ክፍለ ግዛት ሲሆን ከካንኩን ወደ 200 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ካንኩን ያለችበት የኪንታና ሮ ክፍለ ግዛት ሰዓት ከዩካታን በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም፣ ጠዋት የሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ያተርፋል፣ ማታ ሲመለስ ደግሞ መልሶ ያጣዋል። የቅርሱ ስፍራ የሚከፈተው በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ሜዳው ጥላ የለውም፤ ከረፋዱ በኋላ ፀሐዩና ወበቁ ይበረታሉ፣ ሕዝቡም ይጎርፋል። ስለዚህ በሩ ሲከፈት መድረስ ከሁሉ ይበልጣል።

ብዙዎቹ ትልልቅ አውቶቡሶች ግን ይህን አያደርጉም። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ጉብኝት፣ የድርጅቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፣ ከሆቴል ሆቴል እየዞረ መንገደኛ ሲለቅም ጠዋቱ አለፈ። ቀድሞ ያወረደን አንድ ሰፊ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ አዳራሽ ነው፤ እዚያ የብር ጌጣጌጥና የድንጋይ ቅርጻ ቅርጽ እያሳዩ በቂ ጊዜ አቆዩን። ከዚያ ምሳ ሆነ፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሴኖቴ በሚባለው፣ የኖራ ድንጋዩ ተደርምሶ የከርሰ ምድር ውኃ በሚታይበት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መዋኘት ነበር። ወደ ጥንታዊቷ ከተማ ስንገባ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። አስጎብኚው በጥድፊያ ጥቂት ካስረዳን በኋላ ለፎቶግራፍ የምትሆን አጭር ጊዜ ሰጥቶ ወደ አውቶቡሱ ጠራን። ቀኑን ሙሉ የተጓዝነው ለዚች ነበር። በማስታወቂያ ላይ የሚታየው ርካሽ ዋጋም አብዛኛውን ጊዜ የመግቢያውን ክፍያ አይጨምርም፤ ክፍያው ለፌዴራሉ የቅርስ ተቋምና ለክፍለ ግዛቱ በሁለት ትኬት ተከፍሎ የሚፈጸም ሲሆን፣ ለውጭ አገር ጎብኚ በድምሩ ከ600 ፔሶ በላይ ይሆናል።

የሰዓቱ ማጠር ቢያሳዝነኝም፣ የተነገረን ነገር ይበልጥ አሳዝኖኛል። ቅዱስ ሴኖቴ ከሚባለው፣ ወርዱ 60 ሜትር ያህል ከሆነው የውኃ ጉድጓድ አፋፍ ላይ አቁሞን፣ ቆነጃጅት ደናግል ለዝናብ አምላክ እየተወረወሩ ያልቁበት ነበር አለን። ከዚያ ጉድጓድ የወጣው አጥንት ግን የወንድም የሴትም፣ የአዋቂም የሕፃንም ነው። እንዲያውም ከሴኖቴው አጠገብ ከመሬት በታች ባለ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከተገኙት ሕፃናት መካከል የ64ቱ ዘረ መል ተመርምሮ ውጤቱ በ2024 ይፋ ሲሆን፣ ሁሉም ወንዶች ሆነው ተገኝተዋል፤ ሁለት ጥንድ መንትዮችም ነበሩባቸው። እውነቱ ከተረቱ ይልቅ የሚከብድ፣ ሰውን ዝም የሚያሰኝ ነው። ታዲያ መንገደኛ ለምን ተረቱን ብቻ ይዞ ይመለሳል?

በሌላ ጊዜ ስሄድ ከቺቼን ኢትሳ ከ50 ኪሎ ሜትር በታች በምትርቀው በቫያዶሊድ ከተማ አድሬ፣ የመንግሥት ፈቃዱን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ በአቅራቢያው መንደር የተወለደና አፉን በማያ ቋንቋ የፈታ አስጎብኚ ይዤ ነበር። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። በሩ ሲከፈት ገብተን ኤል ካስቲዮ ከሚባለው፣ ከነቤተ መቅደሱ ቁመቱ 30 ሜትር ያህል ከሆነው ፒራሚድ ሰሜናዊ ደረጃ ፊት ለፊት አቆመንና እንድናጨበጭብ ጠየቀን። የገደል ማሚቶው ጭብጨባችንን መልሶ አላሰማንም፤ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተት የወፍ ጩኸት የመሰለ ድምፅ ነበር የመጣው። ድምፁ ኬትሳል ከምትባለው ቅዱስ ወፍ ድምፅ ጋር እንደሚመሳሰል ነገረን፤ ወዲያውም ሠሪዎቹ ይህን ሆን ብለው ማድረጋቸውን ግን ማንም እንዳላረጋገጠ አከለበት። ይህን በመናገሩ አከበርኩት።

ከዚያ የወሰደን 168 ሜትር ርዝመትና 70 ሜትር ስፋት ወዳለው ትልቁ የኳስ ሜዳ ነው። የድንጋዩ ቀለበት ከግድግዳው ላይ 6 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተተክሏል። ሌሎች ቡድኖች ቀለበቱን ፎቶ አንሥተው ሲያልፉ፣ እኛን ግን ከግድግዳው ግርጌ ወዳለው ቅርጽ አስጠጋን። ሁለት ቡድኖች ፊት ለፊት ተሰልፈዋል፤ የአንደኛው መሪ በአንድ እጁ ቢላዋ፣ በሌላው የተቆረጠ ራስ ይዟል፤ ከፊቱ የተንበረከከው ሰው ራስ የለውም፣ ከአንገቱ የሚፈሰው ደም እባብ እየሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከመካከሉም ያበበ ሐረግ ይበቅላል። አስጎብኚያችን ጣቱን ከድንጋዩ ሳያስነካ አንድ በአንድ ካሳየን በኋላ፣ የታረደው ተሸናፊው ይሁን አሸናፊው ድንጋዩ እንደማይናገር ነገረን። በመጀመሪያው ጉብኝት ላይ አሸናፊው በክብር ይታረድ እንደነበር በእርግጠኝነት ተነግሮን ነበር።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቀርቡ ነገሮችም አሉ። ፒራሚዱ በአራቱም ጎን 91፣ 91 ደረጃዎች አሉት፤ የላይኛው መድረክ ሲጨመር 365 ይሆናል። የማያዎቹ ዓመት እያንዳንዳቸው 20 ቀናት ያሏቸው 18 ወራት ነበሩት፤ የሚተርፉት አምስት ቀናት ለብቻቸው ይቆጠሩ ነበር። እኛ ጳጉሜን ላይ በሩፋኤል ዝናብ እየተጠመቅን አዲሱን ዓመት ስንጠብቅ፣ እነሱ እነዚያን አምስት ቀናት ክፉ እያሉ ይፈሯቸው ነበር። የሚገርመው ሌላው ነገር ድምፃቸው ነው። ስፔኖች ሲጽፏቸውም ሲጠሯቸውም የሚቸገሩባቸው የማያ ፈንጂ ድምፆች የእኛው ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ ናቸው። ጥንታዊ ጽሑፍ ያለበትን የአቃብ ጺብን ሕንፃ ስም አስጎብኚያችን ሲጠራው ተከትዬው ብጠራ ምንም አላስቸገረኝም፤ ከየት መጣህ ብሎ ጠየቀኝና ስለ ፊደላችን ረጅም ጨዋታ ያዝን።

ስለ ፊደል ከተነሣ፣ በዚያው በዩካታን፣ በማኒ ከተማ፣ በ1562 ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተባለው ፍራንሲስካዊ መነኩሴ የማያን መጻሕፍት ሰብስቦ አቃጥሏል። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። የብራና መጻሕፍቱን በየገዳሙ ጠብቆ ላቆየ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻኝም። ይኸው ላንዳ ግን የስፔንን ፊደላት አንድ በአንድ እየጠራ የማያ ጸሐፊ ምልክታቸውን እንዲጽፍለት አድርጎ ነበር፤ ጸሐፊው የጻፈለት እንደ እኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድነት የያዙ ምልክቶችን ነው። አውሮፓውያን ይህን አልተረዱትም። የሶቪየቱ ምሁር ዩሪ ክኖሮዞቭ በ1952 ምስጢሩን እስኪገልጠው ድረስ ብዙ ተመራማሪዎች ጽሑፉ ድምፅን የሚወክል መሆኑን አያምኑም ነበር። ትልልቆቹ ቡድኖች ፒራሚዱንና ሴኖቴውን አይተው ስለሚመለሱ በደቡብ በኩል ወዳሉት ጽሑፍ ያለባቸው ሕንፃዎችና የአጥቢያ ኮከብ ይታይበት ነበር ወደሚባለው ክብ ግንብ ብዙም አይደርሱም።

አሁን ወደ «ጠፉ» አባባል ልመለስ። በደቡብ ያሉት ታላላቅ የማያ ከተሞች በዘጠነኛው መቶ ዘመን ገደማ መፈታታቸው እውነት ነው፤ ድርቅና ጦርነት እንደ ምክንያት ይጠቀሳሉ። ሕዝቡ ግን አልጠፋም። የመጨረሻው ነጻ የማያ መንግሥት፣ በዛሬዋ ጓቲማላ የነበረው የኢትሳዎች መንግሥት፣ በስፔን የተያዘው በ1697 ነው፤ ያን ጊዜ ጎንደር የአገራችን መናገሻ ነበረች። የዩካታንን ማያ ቋንቋ ዛሬ ከ700,000 በላይ ሰዎች ይናገሩታል። ከላይ የጠቀስኩት የዘረ መል ጥናትም ቲሽካካልቱዩብ በምትባል መንደር የሚኖሩ የዛሬ ማያዎች ከእነዚያ ሕፃናት ጋር የዘር ተከታታይነት እንዳላቸው አሳይቷል። አስጎብኚው ስለ አያቶቹ እያወራ መሆኑን የማያውቅ መንገደኛ ምን ዓይነት ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል?

በየመንገዱ ዳር የጃጓር ድምፅ የሚያወጣ ፉጨት እየነፉ ዕቃ የሚሸጡትን ሰዎች ጎብኚዎች ሲያማርሩ ሰምቻለሁ። ብዙዎቹ በአካባቢው ካሉት ከፒስቴና ከመሰል መንደሮች የሚመጡ ማያዎች ናቸው። ፒራሚዱ የቆመበት መሬት ክፍለ ግዛቱ በ2010 እስኪገዛው ድረስ የግል ይዞታ ነበር። ከዚያ በፊትም ኤድዋርድ ቶምፕሰን የተባለ የአሜሪካ ቆንስል ስፍራውን ገዝቶ፣ ከ1904 ጀምሮ የቅዱሱን ሴኖቴ ወለል እያስጠረገ ያወጣውን ወርቅና ጄድ የተባለ የከበረ ድንጋይ ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ልኮታል፤ ወደ ሜክሲኮ የተመለሰው ከፊሉ ብቻ ነው። የመቅደላን ቅርሶች ጉዳይ የሚከታተል ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ ልቡ ማዘኑ አይቀርም። እንግዲህ ከአያቶቻቸው ከተማ ጥቂት እንጀራ ለሚፈልጉ ሻጮች ፊት መንሣት ተገቢ አይመስለኝም።

ለመሄድ የሚያስቡ አንባቢዎች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት አስጎብኚ ድርጅቱ በስንት ሰዓት በሩ ላይ እንደሚያደርሳቸው፣ በውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ፣ የመግቢያው ክፍያ ይጨመር እንደሆነና አስጎብኚው የመንግሥት ፈቃድ እንዳለው ይጠይቁ። ከሦስት ሰዓት በታች የሚሰጥ ጉብኝት፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ አይመከርም። የሚችሉ ቫያዶሊድ ቢያድሩ ይሻላል፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ የጀመረው የማያ ባቡርም በስፍራው ጣቢያ አለው፤ አዲሱ ሙዚየምም በ2024 ተከፍቷል። ፒራሚዱ ላይ መውጣት ከብዙ ዓመታት ወዲህ ክልክል ስለሆነ በዚያ ተስፋ አይሂዱ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢትና በመስከረም በፒራሚዱ ደረጃ ላይ የሚያርፈውን እባብ መሰል ጥላ ለማየት የሚጎርፈው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ለመማር የሚሄድ ሌላ ቀን ቢመርጥ ይበጀዋል።

ዝግጅት ክፍሉን በአክብሮት የምጠይቀው «በምሥጢር የጠፉ» የሚለውን አገላለጽ በሚቀጥለው ዕትም እንዲያርም፣ ወደፊትም ስለዚያ አካባቢ ሲጽፍ ዛሬ በዚያ የሚኖሩትን ማያዎች እንዲያነጋግር ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ