ስለ አባባ ጥርስ ከስዊድን ጎተንበርግ የተላከ ደብዳቤ

ለማከብርዎ አባባ፣ ለእማዬ፣ ለዘሀራና ለመላው የቤታችን ሰው፣

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።

ዘሀራ በቴሌግራም የላከችልኝን የአዲስ አበባውን ሐኪም ወረቀት አየሁት። በታችኛው መንጋጋ በተነቀለው ትልቁ ጥርስ ቦታ ኢምፕላንት፣ ያውም ድድ ሳይቀደድ በጋይድ (መሰርሰሪያውን በሚመራ ቅርጽ) ይተከላል ይላል። አባባም «ድድ ሳይከፈት አጥንት እንዴት ይበሳል? ሰውየው በጨለማ ሊሰረስረኝ ነው ወይ?» ብለዋል አሉ። ጥያቄዎ ልክ ነው፣ አባባ። ሐኪሙ በዚህ ዓይነት ሥራ አጥንቱን በዓይኑ አያየውም። የሚተማመነው አስቀድሞ በተነሣው ምስልና ከምስሉ በተሠራው ጋይድ ነው። ስለዚህ እኔም ከቀዶ ጥገናው ይልቅ ስለ ዝግጅቱ አብዝቼ እጽፋለሁ።

ኢምፕላንት የጥርስ ሥርን የሚተካ የቲታኒየም ብሎን ነው። አጥንት ቲታኒየምን እንደ ባዕድ ነገር አይገፋውም፤ ተጠግቶት ያድግና አጥብቆ ይይዘዋል። ይህን ያገኘው እዚሁ ጎተንበርግ ያስተምር የነበረው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ነው፤ የመጀመሪያውን በሽተኛ ያከመው በፈረንጆች 1965 ነው። ጋይዱ ደግሞ ከሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ነገር) በስሪ ዲ ማተሚያ የሚወጣ፣ በጥርሶችዎ ላይ እንደ ቆብ ልክክ ብሎ የሚቀመጥ ነገር ነው። ጥርሱ በጎደለበት በኩል ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው ውስጥ ብዙ ጊዜ የብረት ቀለበት ይገባል። መሰርሰሪያው በቀለበቱ ሲያልፍ እንደ ልቡ ወደ ጎን መዝመም አይችልም። የተወሰነለት ጥልቀት ሲደርስም ማቆሚያው ቀለበቱን ነክቶ ያግደዋል።

ይህ ሁሉ የሚነሣው ከሁለት ምስሎች ነው። አንዱ ሲቢሲቲ የሚሉት አጥንቱን በሦስት አቅጣጫ የሚያሳይ ራጅ ነው። ሁለተኛው በአፍ ውስጥ በሚዞር ስካነር የሚነሣ የጥርስና የድድ ቅርጽ ነው። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ጥርስ በጥርስ ይደርባቸዋል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የብረት ሙሌትና ክራውን (በጥርስ ወይም በኢምፕላንት ላይ የሚገጠም ሰው ሠራሽ የጥርስ አናት) በሲቢሲቲው ላይ ነጭ ጨረር ስለሚረጭ የጥርሱ ጠርዝ ይጠፋል፤ በዚያ በጠፋ ጠርዝ ላይ የተደረበ ምስል አንድ ሚሊሜትር ቢሸሽ ጋይዱም አንድ ሚሊሜትር ሸሽቶ ይታተማል። ጋይዱ ጥርስ ላይ ግጥም ብሎ ይቀመጣል፣ ያምራልም፤ ቀዳዳው ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። አባባ በላይም በታችም የብረት ሙሌት ስላላቸው፣ ምስሉ የተደረበው ሙሌት በሌላቸው የፊት ጥርሶች ጭምር መሆኑን ጠይቁ። ሲቢሲቲ ሳያስነሣ በተራው ጠፍጣፋ ራጅ ብቻ ያለ ቀዶ እተክላለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ግን አመስግናችሁ ውጡ፤ ጠፍጣፋ ራጅ የአጥንቱን ውፍረት አያሳይም።

አሁን ልኬቱን ልንገራችሁ። በታችኛው መንጋጭላ ውስጥ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል። ከኢምፕላንቱ ጫፍ እስከ ነርቩ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር መቅረት አለበት። ጋይድ እያለ ይህ ሁሉ ለምን ቢባል፣ በደንብ የተሠራ ጋይድም ቢሆን በአማካይ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ይስታል፤ ጫፉ ላይ ከዚያም ትንሽ ይበልጣል። በዚያ ላይ የአንዳንድ ድርጅት መሰርሰሪያ 10 የሚል ምልክት ቢኖረውም ሹል ጫፉ ከዚያ አልፎ ይቆርጣል። እንግዲህ ከነርቩ በላይ 13 ሚሊሜትር አጥንት ካለ 10 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ኢምፕላንት ይበቃል፤ «ረጅሙ ይሻላል» ብላችሁ አትከራከሩ። በጎን ደግሞ ከጎረቤት ጥርስ 1.5 ሚሊሜትር መራቅ ስላለበት፣ ውፍረቱ 4.1 የሆነ ኢምፕላንት በሁለቱ ጥርሶች መካከል ቢያንስ 7.1 ሚሊሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል።

ድዱ ሳይቀደድ ይሁን መባሉ ጥሩ የሚሆነው አጥንቱ ወፍራም፣ ድዱም በቂ ሲሆን ነው። ያኔ በክብ መቁረጫ ትንሽ ድድ ብቻ ይነሣል፤ ደሙ ትንሽ ነው፣ እብጠቱ ይቀንሳል፣ ስፌትም ላያስፈልግ ይችላል። ነገር ግን የተቆረጠው ድድ አይመለስም። በኢምፕላንቱ ዙሪያ ጠንካራው፣ የማይንቀሳቀሰው ድድ 2 ሚሊሜትር ያህል ካልተረፈ ኋላ ብሩሽ ሲነካው ያማል፣ ቶሎም ይቆጣል። እንዲህ ከሆነ ትንሽ መቅደድና ድዱን ወደ ጎን ማስጠጋት ይሻላል። ሐኪሙ በመጨረሻ «ልክፈተው» ቢል ችሎታ ስለሌለው እንዳይመስላችሁ፤ ጋይዱ ለተከፈተውም ያገለግላል።

ዘሀራ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ላንቺ ነው፤ አብረሻቸው የምትሄጂው አንቺ ነሽና።

ከስካኑ እስከ ተከላው ቀን ባለው ጊዜ አባባ ሌላ ጥርስ እንዳያስነቅሉ፣ እንዳያስሞሉም። ጥርሱ ቅርጹን ከለወጠ ጋይዱ አይገጥምም፤ ግድ ከሆነ ስካኑ እንደገና ይነሣ። አፋቸውንም ለኪላቸው፦ በጋይድ የሚሠራበት መሰርሰሪያ የቀለበቱን ከፍታ ስለሚጨምር ከተራው ይረዝማል፣ ያውም ለኋላ መንጋጋ። ሦስት ጣታቸው ተደርቦ በፊት ጥርሶቻቸው መካከል ካልገባ አስቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪው። ከወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ መሰርሰሪያው አልገባም ማለት ማደንዘዣውንም መንገዱንም ማባከን ነው።

የስኳራቸውን ነገር አደራ። የሦስት ወር አማካዩን በደሴ አስመርምሪና ውጤቱን ይዘሽ ሂጂ፤ ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ ብዙ ሐኪም ቀጠሮውን ያራዝመዋል፣ ልክም ነው። የደም ማቅጠኛውን መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፤ የልብ ሐኪማቸውና የጥርሱ ሐኪም ተነጋግረው ይወስኑ። የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ወስደው ከሆነም ይነገር። ማደንዘዣው የአካባቢ ስለሆነ ቁርሳቸውን በልተው፣ የስኳር መድኃኒታቸውንም ወስደው ይግቡ። በረመዳን አትቅጠሩ፤ መድኃኒቱም ምግቡም ሰዓት ይፈልጋል።

በዕለቱ ጋይዱ ከማምከኛው ማሽን ወጥቶ በአፋቸው ሲሞከር አስተውይ። አንዳንድ ሬዚን በሙቀት ይጣመማል። በጋይዱ ላይ በጥርሶቹ አናት በኩል ትናንሽ መስኮቶች ይተዉለታል፤ በመስኮቱ ሲታይ ጥርሱና ሬዚኑ መካከል ክፍተት መኖር የለበትም። በአንድ ጎን በጣት ሲጫኑት ሌላው ጎን ከተነሣ አልተቀመጠም ማለት ነው። በኃይል ጨቁኖ መቀጠል አይሆንም፤ ያለ ጋይድ ከፍቶ መሥራት ወይም ሌላ ማሳተም ነው። እኔን ብትጠይቂኝ ከሁሉ በላይ ይህችን ደቂቃ ነው የምጠብቀው።

ስርሰራው በቀጭኑ፣ በ2 ሚሊሜትር ገደማ ይጀመርና ደረጃ በደረጃ ይሰፋል። በብዙው አሠራር ፍጥነቱ በደቂቃ ከ800 እስከ 1200 ዙር ነው። የጋይድ ትልቁ ጠንቅ ሙቀት ነው፦ ጋይዱ ቀዳዳውን ስለሚሸፍነው ማቀዝቀዣው ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) ወደ አጥንቱ በደንብ አይደርስም። አጥንት ለአንድ ደቂቃ 47 ዲግሪ ከደረሰበት ይጎዳል፣ የተጎዳ አጥንትም ብሎን አይዝም። ስለዚህ ቀዝቃዛ ሳላይን፣ ስለታም መሰርሰሪያ፣ ገባ ወጣ እያሉ መሥራት ያስፈልጋል። ሳያወጣ ያለማቋረጥ የሚጫን ሰው ጥሩ አይደለም። ኢምፕላንቱ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ጥብቀት 35 ኒውተን ሴንቲሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ ከመጠን በላይ ማጥበቅ አጥንቱን ይጨቁነዋል።

ማደንዘዣው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይለቃል። የታችኛው ከንፈርና አገጭ ግን እንደደነዘዘ ከቀረ «ነገ ይለቅ ይሆናል» ብላችሁ አትደሩ፤ በዚያው ቀን ደውሉ። ነርቩ ተነክቶ ከሆነ ኢምፕላንቱን ቶሎ ማውጣት ወይም ወደ ላይ መመለስ ይቻላል፤ በዘገየ ቁጥር ተስፋው ይቀንሳል። በዚያው ምሽት እስከ ደሴ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ እንዳትጀምሩት፤ አንድ ሁለት ቀን አዲስ አበባ እደሩ።

አባባ፣ በመጀመሪያው ቀን ቡናው ለብ ብሎ ይጠጣ፤ ሙቀት ደም ያመጣል። እርጎ፣ አጥሚት፣ ለስላሳ ፍርፍር ይበሉ፣ በሌላው ጎን ያኝኩ። ከማግስቱ ጀምሮ በለብ ያለ የጨው ውኃ ሳያንገረግሩ ቀስ ብለው ይጉመጥመጡ። ጫቱንና ሲጋራውን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይተዉት፤ በተለይ ሲጋራ የድዱን ደም ሥር ያጠባል። ተንኮለኛው ጊዜ ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ነው። ሕመሙ ጠፍቶ ሰው «ድኛለሁ» ይላል፤ አሮጌው አጥንት ግን እየተበላ፣ አዲሱ ገና እየበቀለ ስለሆነ ብሎኑ ያኔ ከገባበት ቀን ይልቅ ይላላል። ቆሎና የተቆላ ሽምብራ በዚያ ጎን ክራውኑ እስኪገባ ድረስ የለም። ክራውኑ ለታችኛው መንጋጋ ከ3 ወር ገደማ በኋላ ይገባል።

ዘሀራ፣ ከመውጣታችሁ በፊት የኢምፕላንቱን ተለጣፊ ወረቀት ተቀበዪ፤ የድርጅቱ ስም፣ ውፍረቱ፣ ርዝመቱና የምርት ቁጥሩ ያለበትን። የየድርጅቱ መፍቻ ይለያያል፤ ከዓመታት በኋላ ክራውኑ ቢላላ ያ ወረቀት ከሌለ የሚፈታው ሐኪም በግምት ነው የሚሞክረው። ክራውኑም ተነቃይ እንዲሆን በብሎን የሚያዘውን ምረጡ፤ በሲሚንቶ የሚለጠፈው ትርፉ ከድድ ሥር ከቀረ ያቆስላል።

የሲቢሲቲውን ፋይል ሙሉውን በፍላሽ ተቀበዪና ላኪልኝ፤ የስልክ ፎቶ አይበቃም። ከተከላው በፊት ከነርቩ ያለውን ርቀት እዚህ ሆኜ ልለካው።

እማዬን፣ ጎረቤቶቹን ሁሉ፣ የላይ ሰፈሮቹንም ሰላም በሉልኝ። ዱዓችሁ አይለየኝ።

ልጃችሁ